አምስት ቀን ምሥራቅ፦ ድሬ፣ ሐረርና የአክስቴ የቤት ካርታ

ረቡዕ፦ በባቡር

አክስቴ ደውላ «ና» ካለች «ለምን?» ተብሎ አይጠየቅም። ባሏ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ የቤቱ ካርታ ግን እስከ ዛሬ በእሱ ስም ነው። «አንተ ቢሮ የምትሠራ ሰው ነህ፣ የወረቀት ነገር ታውቃለህ» አለችኝ። ቢሮ መሥራትና የወረቀት ነገር ማወቅ አንድ እንዳልሆኑ ለማስረዳት ጉልበቱ አልነበረኝም። የሦስት ቀን ፈቃድ ሞላሁና ቲኬት ቆረጥኩ።

ለቡ ጣቢያ ለመድረስ ከቤት የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። ባቡሩ ድሬ ለመድረስ ሰባት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከእኔ ሰፈር እስከ ባቡሩ ያለው ጣጣ ግን ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ድሮ መነሻው መሃል ከተማ፣ ለገሃር ነበር። ስሙም ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፤ ጣቢያው ማለት ነው። ዛሬ ለገሃር ላይ ባቡር የለም፣ ስሙ ብቻ ቀርቷል። የታክሲ ረዳቱ በየቀኑ «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ ይጮሃል። ፈረንሳይኛ እየተናገረ እንደሆነ የነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከፊት ለፊቴ አንድ ሽማግሌ፣ ከጎናቸው ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ወጣት፣ ከእኔ ጎን ደግሞ ዘንቢል ያቀፈች ሴትዮ ተቀምጠዋል። ሞጆን እንዳለፍን ሽማግሌው «ናዝሬት ስንት ሰዓት እንገባለን?» ብለው ጠየቁ። ወጣቱ ማዳመጫውን ሳያወልቅ «አዳማ» አለ።

«እሱን ነው የምልህ።»

«አዳማ ነው የሚባለው፣ አባባ።»

ዝም ተባለ። ያን ዓይነት ዝምታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁሉም ሰው ስልኩን የሚያይበት ዝምታ ነው። የገላገለችን ባለ ዘንቢሏ ናት፦ «ስሙ ምንም ይሁን፣ እኔ እዚያ ነው የምወርደው፤ ሲደርስ ቀስቅሱኝ።» ሽማግሌው ሳቁ። ወጣቱም ሳቀ።

እኔ ራሴ ከእናቴ ጋር ሳወራ ደብረ ዘይት ነው የምለው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ቢሾፍቱ ብዬ እጽፋለሁ። ሁለቱንም ስል ምንም አይሰማኝም። ይህ ታዲያ ጥሩ ነው ወይስ ግድየለሽነት? አዳማ ናዝሬት የተባለችው በንጉሡ ዘመን ነው። ከተማዋ ስሟን መልሳ ማግኘቷ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ቤትህ ገብቶ ስምህን የሚቀይር እንግዳ ማን ይወዳል? ሽማግሌው ግን «ናዝሬት» ሲሉ ስለ ንጉሡ እያሰቡ አልነበረም። በኋላ እንደነገሩን መጀመሪያ ደመወዝ የበሉባት ከተማ ናት። ሃያ ዓመታቸው ነው ናዝሬት የሚባለው። ወጣቱም ክፉ ልጅ አይደለም። አያቱ አዳማ ሲሉ «እንዲህ አይባልም» ተብለው ይሆናል፤ ማን ያውቃል። እኛ አገር አንድ የከተማ ስም ሲጠራ የሁለት ሰው ቁስል ይነካል። ያለ ባለ ዘንቢል የሚፈታ አይመስለኝም።

መተሐራ ጋ በሰቃ ሐይቅ ታየ። ሐይቆቻችን ሲደርቁ ነው የሚወራው፤ ይሄኛው ግን ዓመት ዓመት እየሰፋ መሬት ይበላል። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ለእርሻም ለከብትም አይሆንም። ወዲያ ማዶ ፈንታሌ ተራራ ተጎልቷል። በ2017 ዓ.ም. አካባቢው ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ሆነን አልጋችን ሲወዛወዝ ያደርነው በእሱ ሰበብ ነው። እኛ ለፌስቡክ ጽፈን ተኛን። የእዚህ አካባቢ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ።

አዋሽን ካለፍን በኋላ የስልክ ቋንቋ ተቀየረ። እስከዚያ ድረስ በፉርጎው ውስጥ የሚሰማው አማርኛ ነበር። ከዚያ አንዷ ኦሮምኛ ጀመረች፣ ከኋላዬ አንዱ ሶማሊኛ ያወራል። እንግዲህ ወደ ቤታቸው እየተጠጉ ነው ማለት ነው። ሰው ከቤቱ ሲርቅ ቋንቋውን ሻንጣው ውስጥ ይከታል፤ ሲቃረብ ያወጣዋል። እኔ ሻንጣዬ ውስጥ የምከተው ቋንቋ የለኝም። የትም ብሄድ የማወራው ያው አማርኛዬን ነው። ይህ ጥቅም መሆኑን እስከዚህ ዕድሜዬ ድረስ ልብ ብዬው አላውቅም።

ፖለቲካም ተወርቷል፣ ግን በእኛ ዘመን ወግ። ድሮ ሰው ከመናገሩ በፊት ግራና ቀኝ ያይ ነበር። አሁን የሚያየው የስልክ ካሜራ ወደ እሱ መዞር አለመዞሩን ነው። ሽማግሌው ስለ ዋጋ ብቻ አወሩ። ዶላሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ጡረታቸው ምን እንደሆነ ነገሩን። «ቁጥሩ አለ» አሉ፣ «ገንዘቡ ነው የጠፋው።»

ሐሙስ፦ ድሬ

ድሬ ጠዋት የምትነሳው በጀሪካን ድምፅ ነው። የአክስቴ ግቢ ሦስት ቤተሰብ ይኖርበታል። አክስቴ፣ አንዲት ሶማሌ አሮጊት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ የኦሮሞ ባልና ሚስት። ቧንቧው አንድ ነው። ውሃ በየስንት ቀኑ እንደምትመጣ ጠይቄ ነበር፤ «ስትፈልግ» ተባልኩ። ስትመጣ ግን ግቢው በሦስት ቋንቋ ነው የሚጮኸው፦ ውሃ! ቢሻን! ቢዮ!

እኔ ያየሁት ጠዋት የአሥር ዓመት ልጅ ነበር የተራ አስከባሪው። አክስቴን በአማርኛ «እቴቴ፣ ያንቺ ሞላ»፣ አያቱን በሶማሊኛ፣ የጥጉን ሴትዮ በኦሮምኛ። አንዴም አልተሳሳተም። «ስንት ቋንቋ ትችላለህ?» ብዬ ስጠይቀው ግራ ገባው። አስቦ አስቦ «እንግሊዝኛ ትንሽ» አለኝ። ሦስቱን ቋንቋ ብሎ አልቆጠራቸውም። ለእሱ ቋንቋ ማለት ፈተና ያለበት ነው።

የድሬ ውሃ ኖራ አለበት። የአክስቴ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ድንጋይ ሆኗል፤ በቢላ ስትፍቀው እንደ ቅርፊት ይነሳል። ሻዩ ላይ ስስ ነገር ይንሳፈፋል። «ጠጣው፣ አጥንት ያጠነክራል» አለችኝ። ሃምሳ ዓመት ጠጥታዋለች፤ አጥንቷ ጠንካራ ነው፣ መከራከር አልቻልኩም።

ከቀትር በፊት የድሮውን ጣቢያ ለማየት ወጣሁ። የአክስቴ ባል፣ የጋሼ መሥሪያ ቤት ነበር፣ ጋራዡ ውስጥ ነው ያረጀው። ያ ባቡር ከጅቡቲ መሠራት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ነው። በ1902 እዚህ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917። ሐረር መግባት ነበረበት፤ ተራራው አላስወጣ ስላለ ግን ከታች ሜዳው ላይ ቀረ። ድሬዳዋ እንግዲህ ባቡሩ ተራራ ስላቃተው የተወለደች ከተማ ናት። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ሊሏት ሞክረው ነበር፤ አልያዘም። ሕዝብ ያላለውን ስም ወረቀት ብቻውን አያቆመውም።

የድሬ ሰዎች ድርጅቱን «ሽሚን ደፈር» ነው የሚሉት፤ በፈረንሳይኛ የብረት መንገድ ማለት ነው። ጋሼ ቁልፍና ብሎን በፈረንሳይኛ፣ ሰላምታ በአማርኛ፣ ቀልድ በኦሮምኛ፣ የገበያ ክርክር በሶማሊኛ ነበር የሚያውቀው። ስድስተኛ ክፍል አልጨረሰም። እኔ ዲግሪ አለኝ፤ አንድ ቋንቋ ተኩል እችላለሁ። ግማሹ እንግሊዝኛ ነው።

ስመለስ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ ከፊቱ ከቆመ ባጃጅ ጋር ተጋጨ፤ መስታወት ብቻ ነው የተነካካው። ጥሉ በሶማሊኛ ተጀመረ፦ «ወሪያ!» ስድቡ ሲከር ወደ ኦሮምኛ ገባ። ገንዘብ ላይ ሲደርሱ አማርኛ ሆነ። በመጨረሻ «ተወው አቦ!» ተባብለው ተለያዩ። ማን ምን እንደሆነ ጠይቄ ነበር። «እኔ? የድሬ ልጅ ነኝ» አለኝ ሹፌሩ፣ ጥያቄዬ ያልገባው ይመስል። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ተጠራጠርኩ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሁሉ ድሬን እንደ ፖስትካርድ ነው የሚያያት፤ «አዬ ፍቅር!» ብሎ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ድሬም ጥል አይታለች፣ ሰው ሞቶባታል፣ ቤት ተቃጥሎባታል። ሦስት ቋንቋ የሚችል ሰው በሦስት ቋንቋ መጣላትም ይችላል።

ማታ አክስቴ አልቤርጎ የሚያክል ሳጥኗን ከፍታ የጋሼን ወረቀቶች ስታወጣ ከሥሩ አንድ የምስክር ወረቀት ወጣ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ወጣት ነበረች፤ ገጠር ወርዳ ኦሮምኛ ተናጋሪ ሴቶችን አስተምራለች። በኦሮምኛ፣ በእኛው በፊደል። ያ ዘመቻ ወደ 15 ቋንቋዎች የደረሰ ሲሆን ሁሉም የሚጻፉት በፊደል ነበር።

«አንቺ ኦሮምኛ የቻልሽው እዚያ ነው?»

«እነሱ ናቸው ያስተማሩኝ። እኔ ሀ ሁን አሳየሁ፣ እነሱ የፊደሉን ድምፅ አስተማሩኝ።» በምላሷ አንድ ድምፅ አወጣች፤ ዸ። እኔ ሞከርኩ፣ ሳቀችብኝ። ከዚያ በኋላ በ1984 ኦሮምኛ ወደ ቁቤ፣ ወደ ላቲኑ ፊደል ዞረ። ያን ያህል በፋኖስ ያነበቡ ሴቶች ጽሑፋቸው ተቀየረባቸው። ተናደድሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ቋንቋው የማን ነው? የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ በፈለገው ይጻፈው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ግን እነዚያ ሴቶች ያሳዝኑኛል» አለች። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። ቴሌቪዥን ላይ የሚከራከሩት ሰዎች ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። እዚያ የሚሰማው «ትርክት» ነው። ይህን ቃል የፈጠረው ሰው ስንት ወሬ እንዳቆመ ቢያውቅ! «ታሪክ» ካልክ መከራከሪያ ታመጣለህ፣ «ትርክት» ካልክ ግን የሌላው ሰው ታሪክ ገና ሳይሰማ ተጣለ ማለት ነው።

ዓርብ፦ ወረቀት

ድሬ ላይ ቢሮ የሚሄድ ሰው በጠዋት ነው የሚሄደው። ቀትር ላይ ሙቀቱ ከተማውን ይዘጋዋል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከአክስቴ ጋር ተሰለፍን። መሥሪያ ቤቱን አልጠራውም፤ የትኛውም ከተማ አለ።

ከእኛ ፊት አንድ የገጠር ሽማግሌ ነበሩ፣ ሽርጥ ያገለደሙ፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር። ልጅቷ አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ሽማግሌው አንድ ደብዳቤ አጣጥፈው ከኪሳቸው አወጡና ለእኔ ዘረጉልኝ። ፊቴ ወረቀት የሚያውቅ ይመስል ይሆናል። ልጅቷ ቀድማ ነጠቀችኝና ማንበብ ጀመረች። ፊደሉን አንድ በአንድ ታነባለች፣ ትምህርት ቤት አማርኛ ስለሚሰጡ ፊደሉ አይጠፋባትም፦ «ባ-ለ-ይ-ዞ-ታ-ው … ከ-ላ-ይ … በ-ተ-ጠ-ቀ-ሰ-ው … አ-ግ-ባ-ብ …» አንብባ ጨረሰችና ቀና ብላ አየችኝ። አያትዋም አዩኝ። አንዲት ቃል አልገባቸውም።

ተቀብዬ አነበብኩት። «ባለይዞታው ከላይ በተጠቀሰው አግባብ የሚጠበቅብዎትን አሟልተው በአካል ካልቀረቡ ጉዳዩ እንደተዘጋ የሚቆጠር መሆኑን እናሳውቃለን» ይላል። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። አክስቴ በኦሮምኛ ተረጎመችላቸው። ምን አልሽ ስላት፦ «ና ነው የሚለው አልኳቸው። ካልመጣህ ፋይልህን እንዘጋዋለን።» ሽማግሌው ተናደዱ። «ታዲያ መጥቼ የለም እንዴ!»

ብዙ ጊዜ ስለ ሥራ ቋንቋ ስንከራከር ጥያቄው «አማርኛ ወይስ ሌላ?» ነው። ያን ጠዋት የገባኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ደብዳቤ አማርኛ አይደለም። የቢሮ ቋንቋ የሚባል ሌላ ቋንቋ አለ፤ ማንም አፉን የፈታበት ሰው የለም። ወደ ኦሮምኛም ወደ ሶማሊኛም ቢተረጎም ሽማግሌው አይገባቸውም፤ «አግባብ» በየቋንቋው ወንድም አለው። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ከአማርኛ ጋር ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ተወስኗል። እኔ ደግፌዋለሁ፣ አሁንም እደግፋለሁ። ግብር የሚከፍል ሰው በሚገባው ቋንቋ መሰደብ እንኳ መብቱ ነው። ግን «ና» የሚለውን ቃል በአምስት ቋንቋ የሚጽፍ ጸሐፊ ካልተገኘ ውሳኔው ወረቀት ነው።

የእኛ ጉዳይስ? መስኮት ሦስት ወደ መስኮት አምስት፣ መስኮት አምስት ወደ ፎቅ። ፎቅ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት፤ ይህን አልክድም። «እማማ፣ አንድ ወረቀት ይጎድላል፤ ሰኞ ይምጡ» አለች። እኔ እሑድ ተመላሽ ነኝ። አክስቴ አልተገረመችም። ቡና እንጠጣ አለች።

ከሰዓት የአክስቴ ልጅ በርጫ ወሰደኝ። እኔ አልቅምም፤ ሻይ እየጠጣሁ ተቀመጥኩ። ወሬው እንደተለመደው ወደ 40-40-20 ሄደ። ድሬ ላይ ለዚህ ቁጥር ማብራሪያ አያስፈልግም፦ ከሥልጣኑ 40 ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ የቀረው 20 ለሌላው። አንዱ «ሰላም የሆነው በእሱ ነው» አለ። ሌላው «እኔ ተወልጄ ያደግኩበት ከተማ ውስጥ 'ሌላው' ነኝ እንዴ?» አለ። ሦስተኛው ኦሮሞ ነው፤ «ቆጠራው እኮ ግማሽ ያህሉ እኛ ነን ይላል፤ እኔስ አልተጎዳሁም?» አለ። እውነቱን ነው፤ የ1999ኙ ቆጠራ ኦሮሞ 46 በመቶ ገደማ፣ ሶማሌ 24፣ አማራ 20 ይላል። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ሕዝቧን አልቆጠረችም፤ በተደጋጋሚ ተላልፏል። የምንጣላበት ቁጥር ራሱ ጎረምሳ ሆኗል።

የእኔ አስተያየት? ኮታ የሚጠላ ሰው መጀመሪያ ኮታ ባይኖር ማን እንደሚቀመጥ ይንገረኝ እላለሁ። ግን «ሌላው» የሚለው ቃል እኔንም ያመኛል። አሥሩም የሞቀው ሰው አንድ ላይ ሲናገር አስተያየቴን የሚሰማ አልነበረም፤ ምርቃናው ከእኔ ይበልጥ ነበር።

ቅዳሜ፦ ሐረር

ወረቀቱ ሰኞ ከሆነ ሐረር ልሂድ ብዬ በጠዋት ሚኒባስ ያዝኩ። በደንገጎ ዳገት ሽቅብ ስትወጣ ሙቀቱ ከኋላህ ይቀራል፤ ጆሮ ይደፈናል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል። ሐሮማያ ሐይቅ ላይ ውሃ አየሁ። ትምህርት ቤት እያለሁ «የደረቀው ሐይቅ» ብለን ነበር የተማርነው፤ ሐረር ከእሱ ትጠጣ ነበር፣ በ1990ዎቹ አለቀ። ተመልሶ መጥቷል። ሙሉ ባይሆንም ወፍ ያርፍበታል።

አወዳይ ላይ የጫት ገበያውን ለማየት ወረድኩ። ሌላ መኪና ለመያዝ ደግሞ አንድ ግድግዳ ሥር ቆምኩ፤ ሰው ሲቆም ስላየሁ። ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ግድግዳው ላይ በኦሮምኛ የተለጠፈ ማስታወቂያ አለ። ላቲን ፊደል ነው፣ አንድም ሳይቀር አነበብኩት። ድምፁን ሁሉ አወጣሁት። ከውስጡ የገባኝ «ቢልቢላ» ብቻ ነው፤ ስልክ።

ለውዝ የሚሸጥ ልጅ መጣ፣ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ለውዝ ገዛሁትና «ይሄ ምን ይላል?» አልኩት። ማስታወቂያውን አየው፣ እኔን አየኝ። «የሐረር መኪና ከዚህ አይነሳም ይላል። ከታች ነው።» እዚያ የቆሙት ሰዎች መኪና የሚጠብቁ አልነበሩም፤ ጥላ ፍለጋ ነው የቆሙት። ልጁ ሲሄድ ዞር ብሎ ሳቀብኝ። የትናንቷ ልጅ ትዝ አለችኝ፤ ፊደሉን አንድ በአንድ አንብባ ቀና ያለችበት ፊት። ያ ፊት አሁን የእኔ ነበር። ልዩነቱ እኔ የጠፋብኝ ግማሽ ሰዓት ነው፣ ሽማግሌው ሊጠፋባቸው የነበረው መሬት።

ጁገል ገባሁ። ግንቡ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ነው፤ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፣ ውስጡ 82 መስጊድ። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ጅብ ሲቀለብ አላየሁም። ሐረር የሄደ ሁሉ ጅብ ይጽፋል፤ ጅቡም ሰልችቶታል።

የሄድኩት መኪና ግርግር ነው። ልብስ ሰፊዎች መንገድ ዳር መኪናቸውን ደርድረው የሚሰፉበት ጠባብ ቁልቁለት ነው፣ ስሙም ከመኪናዎቹ ድምፅ ነው። ሱሪዬ ባጃጅ ላይ ተቀድዶ ነበር። አንድ ሸምገል ያሉ ሰፊ «ተቀመጥ፣ አሁን ይደርሳል» አሉኝ፤ የሰጡኝን ሽርጥ አገልድሜ ሱሪዬን ሰጠኋቸው። ክር ይዘው በአፋቸው ጫፉን አርሰው መርፌው ውስጥ ሲያሾልኩት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ነው። ለጎረቤታቸው አንድ ነገር እየቆጠሩ ነበር፣ ቁልፍ መሰለኝ፦ «… ሐሚስቲ፣ ሲዲስቲ …»

ጆሮዬ ቆመ። አምስት፣ ስድስት! ሳላጠናው የገባኝ ሐረሪ ነው፤ እነሱ «ጌይ ሲናን» የሚሉት፣ የከተማው ቋንቋ። ሐረሪ የአማርኛ ዘመድ ነው፤ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ለስልጤ ነው። ሰውየው ዘመናቸውን ሁሉ ከአማርኛ ጋር ዘመዳሞች ነን ብለው አስበው እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ።

«አባባ፣ ቋንቋችሁ ከእኛ ጋር ይመሳሰላል» አልኳቸው።

ከመርፌው ቀና አሉ። «የእናንተ ነው ከእኛ ጋር የሚመሳሰለው።»

ጎረቤታቸው በሳቅ ሞተ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ቃሉ ሆዴ ውስጥ ቀረ። «ከእኛ ጋር» ስል መሃሉን እኔ ጋ ነው ያስቀመጥኩት። አስቤበት አይደለም። ችግሩም እሱ ነው።

ሐረሪዎች በራሳቸው ክልል ውስጥ በ1999ኙ ቆጠራ ከአሥር አንድ አይሞሉም። ክልሉ ውስጥ የሚበዛው ኦሮሞ ነው። ለዚህ ነው ከክልሉ ምክር ቤት 36 ወንበር 14ቱ ለሐረሪ ብቻ የተያዘው። አንድ ሰው አንድ ድምፅ የሚል ሰው ይህ ያበሳጨዋል። እኔንም በርጫው ላይ ብጠየቅ «ተገቢ አይደለም» እል ነበር። እዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ሽርጥ አገልድሜ ተቀምጬ ግን እንዲያ ለማለት አፌ አልከፈት አለ። ሺህ ዓመት የኖረ ቋንቋ በአንድ ግንብ ውስጥ ነው ያለው። ግንቡ የሚጠብቀው ከጅብ አይደለም። ደግሞም ከግንቡ ውጪ የሚኖረው የኦሮሞ ገበሬ «የእኔስ ድምፅ?» ቢል ምን እመልስለታለሁ? አላውቅም። በፌስቡክ ላይ ግን ለሁለቱም የሚሆን መልስ አለኝ፤ የሚገርመው ይኼ ነው።

ሱሪው ደረሰ። ስፌቱ አይታይም። ሒሳብ ስጠይቅ በአማርኛ ነገሩኝ፤ «አማርኛው ውድ ነው» ብለው ቀለዱ።

እሑድ፦ መመለስ

በጠዋት ድሬ ተመለስኩ። አክስቴ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ በላስቲክ አስራ፣ ጋሼ ይወደው ከነበረው ሰዓት አልባ የእጅ ሰዓት ሰንሰለት ጋር ሰጠችኝ፤ ወረቀቱን ሰኞ ራሷ ትሄድበታለች። «የሽማግሌውን ደብዳቤ ከተረጎምኩ የራሴ ያቅተኛል?» አለች። የመጣሁት ለምን እንደነበር ረስተናል።

ባቡሩ ላይ ለልጄ ደወልኩ። ሦስተኛ ክፍል ናት፤ አዲስ አበባ፣ መንግሥት ትምህርት ቤት። ኦሮምኛ ትማራለች። በ2015 ዓ.ም. በትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ባንዲራና መዝሙር የተነሳ ረብሻ ሲነሳ እኔም ከተናደዱት ወላጆች አንዱ ነበርኩ። አሁንም ባንዲራና መዝሙር ከቋንቋ ትምህርት ጋር አንድ ላይ መምጣቱ ስህተት ነበር እላለሁ፤ ልጅ ቃል ሊማር ሲገባ ሰልፍ አስተማሩት። ግን በዚያ ንዴት ቋንቋውንም አብሬ ገፍቼው ኖሯል። የኦሮምኛ የቤት ሥራዋን እስከ ዛሬ አንድ ቀን አይቼላት አላውቅም። «አልችልም» ነበር መልሴ። መልስ መስሎኝ።

«አባዬ፣ የት ደረስክ?»

«አዋሽ። አንድ ነገር ልበልሽ፣ ትክክል መሆኑን ንገሪኝ።» ከአክስቴ ግቢ የያዝኩትን አወጣሁ፤ ውሃ ጠጪ ለማለት፦ «ቢሻን ዱጊ።»

ሳቀች። እናቷን ጠራቻት፤ «ማሚ፣ ነይ ስሚው!» ከዚያ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ «ዱ አይደለም አባዬ፣ ዹ! ምላስህን ወደ ውስጥ አድርገው። ዹ-ጊ» አለችኝ።

ሞከርኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ሴትዮ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች።

«እንደገና» አለች ልጄ።